ውዳሴ ዘቀትር

ሰሞኑን ስልኩን የከፈተ ሁሉ አይቶታል። ጥቁር ጋዋን፣ አራት ማዕዘን ቆብ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ እቅፍ አበባ። ከቆቡ ሥር ደግሞ ዓይን ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ሁለት ጉድጓድ። ተመራቂው ማን እንደሆነ የምናውቀው ከፎቶው በታች «እንኳን ደስ አለህ» ከሚለው ቀጥሎ ስሙ ስለተጻፈ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጥበብ ሳይመሰገን መታለፉ ነውር ስለሆነ፣ በቀትር ፀሐይ ለሚያነሱት ፎቶ አንሺዎች የሚገባቸውን ውዳሴ እናቅርብ።

መጀመሪያ የሚደነቀው የሰዓት ምርጫው ነው። ጧት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል ወዲህ ፀሐይ ዘንበል ብላ ፊትን ከጎን ትዳብሳለች፤ ዓይን ይበራል፣ ጉንጭ ቅርጽ ያወጣል። ይህ ለጀማሪ ነው። የኛ ሊቅ በ3 ሰዓት ደርሶ፣ ማኪያቶ አዝዞ፣ የሰው ጥላ ተሰብስቦ እግሩ ሥር እስኪገባ በትዕግሥት ይጠብቃል። በሰኔ አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማገባደጃ ደግሞ ጭራሽ አናት ላይ ትቆማለች። ከዚያ ከፍታ የሚወርድ ብርሃን የቅንድብን ጥላ ዓይን ውስጥ፣ የአፍንጫን ጥላ ከንፈር ላይ ይጥላል። አራት ዓመት ሙሉ ተምራ ጢም ያላበቀለች ልጅ በምርቃቷ ቀን በአንድ ጠቅታ ታበቅላለች።

ከዚያ ቤተሰቡ ይሰለፋል። «ወደ ፀሐይ ዙሩ!» ይላል ሊቁ። ይዞራሉ። አባት ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊታቸውን ይጨማድዳሉ፤ እናት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ሰላምታ የሚሰጥ ወታደር ይመስላሉ፤ ታናሽ ወንድም አንድ ዓይኑን ብቻ መክፈት ችሏል። አያት በነጭ በነጭ ለብሰው ከጥቁሩ ጋዋን ጎን ይቆማሉ። ካሜራ ደግሞ በራሱ ከተተወ የሚያውቀው ነገር አንድ ነው፤ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ማድረግ። ጋዋኑ ከበዛበት ያደምቅና የአያትን ነጠላ ከነጥለቱ ያቃጥለዋል፤ ነጠላው ከበዛበት ያጨልምና ተመራቂውን ከነፊቱ ጋዋኑ ውስጥ ይከተዋል። የስልኩ ስክሪን ውስጥ ያለው ፊት ላይ ጣትን ጫን አድርጎ የብርሃን መለኪያው እስኪቆለፍ መቆየት፣ ከዚያ ጣትን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳብ ማድረግ ሦስት ሰከንድ ይወስዳል። ሦስት ሰከንድ ግን ለሊቅ ብዙ ነው።

በዚህ መሃል ሰማይ ይራራና ደመና ይልካል። ደመና ማለት ብርሃን አጣርቶ ከየአቅጣጫው የሚያወርድ፣ ከተማ የሚያክል ነጭ ጨርቅ ነው። ስቱዲዮ ያላቸው ሰዎች ያንን ለመምሰል ገንዘብ አውጥተው ሶፍት ቦክስ የሚባል፣ የመብራትን ብርሃን የሚያለሰልስ ሳጥን ይገዛሉ። የአባት ፊት ይፈታል፤ የእናት እጅ ይወርዳል፤ የልጅቷ ጢም ይጠፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ዓይን አላቸው። ያኔ ሊቁ እጁን ዘርግቶ ይጮኻል፦ «ቆዩ! ቆዩ! ደመናው ይለፍ!»

ይቆያሉ። አምስት ደቂቃ። አያት መቀመጫ ይጠይቃሉ። አሥር ደቂቃ። አበባው አንገቱን ይደፋል። አንድ አጎት «አሁንም እኮ ይታያል» ብለው ሙያዊ ያልሆነ አስተያየት ይሰጣሉ፤ ሰሚ የለም። ከነሱ ስምንት እርምጃ ርቆ ከሕንፃው በረንዳ ሥር ሰፊ ጥላ አለ። ፊት ለፊቱ ክፍት ሰማይ፣ ከሥሩ ብርሃን መልሶ የሚረጭ ሲሚንቶ። በግቢው ውስጥ ለፎቶ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። እዚያ የተቀመጡት ሁለት ጥበቃዎች ናቸው። ፊታቸው ለስላሳ፣ ዓይናቸው ውስጥ የሰማይ ነጥብ የበራ፤ የመጽሔት ሽፋን መስለው ቆሎ እየቆረጠሙ ደመናው እስኪያልፍ የሚጠብቀውን ሕዝብ ያያሉ። ደመናው ያልፋል። «አሁን!» ጠቅ። ሁሉም ተጨፍነዋል።

ፀሐይዋን በጀርባ አድርጎ መቆምም አለ። ፀጉር ዙሪያውን ወርቅ ይከፈፋል፤ የሚጨልመውን ፊት የሚያበራ ነጭ ነገር ግን ያስፈልጋል። ከየት ይምጣ? አያት ሪፍሌክተር፣ ማለትም ብርሃን መላሽ፣ ለብሰው ከቆሙ ሃያ ደቂቃ አልፏቸዋል። ነጠላ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ አራት ቦታ አጥፎ ሁለት ሰው በወገብ ከፍታ፣ ከተመራቂው ፊት አንድ ሜትር አካባቢ ርቀት ላይ ቢዘረጋው ብርሃኑን ወደ አገጭና ወደ ዓይን ይመልሳል። ጋቢ ከተገኘ ይበልጣል። ሣር ላይ ከመቆም ግን ሲሚንቶ ይሻላል፤ ሣር የሚመልሰው አረንጓዴውን ነውና አገጭ ጎመን ጎመን ይላል።

ቤት ውስጥ ላሉትም ውዳሴ አይቅርባቸው። ስልኩን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ራሳቸውን የሚያነሱት ሒሳብ አይፈሩም። ስልኩ ከአፍንጫ 30 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ከጆሮ 42 ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ አፍንጫ ከጆሮ አንጻር 40 በመቶ ገዝፎ ይወጣል። ስልኩን ሜትር ተኩል አርቆ ሁለት እጥፍ በሚያቀርበው ሌንስ ቢያነሱ ልዩነቱ 8 በመቶ ብቻ ይሆን ነበር። ግን አፍንጫን ማን ይጠላል? መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አምፖሉን የማያጠፉትም አሉ፤ ግማሽ ፊታቸው እርድ፣ ግማሹ ውሃ ሰማያዊ። የሠርግ ባለ ፍላሾች ደግሞ ሙሽራውን ከአንድ ሜትር ያቃጥሉታል፤ አራት ሜትር ላይ ያለው ሚዜ ከዚያ ብርሃን የሚደርሰው አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው፤ ሱፉን የተከራየው በከንቱ። ከሰው ጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘው የስልክ ዘዴስ? የአፍሮ ጠርዝ የቱ ፀጉር፣ የቱ ግድግዳ እንደሆነ ስለሚምታታበት ጎፈሬውን በመቀስ እንደከረከመ ጠርቦ ያስረክባል።

ጎበዝ፣ እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቆየን። ማንም ሳይጠይቃችሁ የልጁን ጠይም ፊት አጥባችሁ ኖራ የምትቀቡት ማን አዝዟችሁ ነው? በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካው ፊልም አምራች ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ቀለሙ ለእሷ ከሰመረ ለሁሉም ሰመረ ተባለ፤ የጥቁር ሰው ፊት ጭቃ ሆኖ ወጣ። ያ የሩቅ ፋብሪካ ጥፋት ነው። የዛሬው ግን በገዛ እጃችን፣ በገዛ ልጆቻችን ላይ፣ ያውም አስከፍለን የምንሠራው ነው። እናቱ የወለደችው ልጅ ሌላ፣ ግድግዳዋ ላይ የሰቀላችሁላት ልጅ ሌላ! ጥቁር ፊት ማንጣት አያስፈልገውም። ቅርጹን የሚያወጣው ከጎን የሚመጣ ሰፊ ብርሃን በግንባር፣ በጉንጭና በአገጭ ላይ የሚተወው ነጸብራቅ ነው። ላቡን በሶፍት ነካ ነካ አድርጋችሁ ወዙን ተዉለት። ያንን ብርሃን ማምጣት ቢያቅታችሁ፣ ቢያንስ ቆዳውን አትንኩበት።

ወደ ውዳሴው እንመለስ። ሌንሱን ባለመጥረግ የሚገኘው ጉም አልተነሳም፤ የጣት ወዝ መብራትን ሁሉ አክሊል ያለብሳል። ሸሚዝ ጫፍ ያጠፋዋል፣ ግን አክሊል በነጻ ከተገኘ ማን ይጠላል።

ሥራው የሚጠናቀቀው በሳሎን ነው። ፎቶው 50 በ70 ታጥቦ፣ መስታወት ባለው ፍሬም ተገጥሞ፣ ከትልቁ መስኮት ትክክል ትይዩ ይሰቀላል። በማግስቱ ጧት በ2 ሰዓት ያ ሲፈለግ የነበረው ለስላሳ የጎን ብርሃን በመጋረጃው ተጣርቶ ይገባና መስታወቱ ላይ ያርፋል። እንግዳ ቀና ብሎ «ይሄ ነው ተመራቂው?» ሲል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ሶፋው ነው።