ለሳንባችን ለተጨነቁልን

ሠራተኛው ሲጋራ እንዲያቆም የሚጨነቅ አለቃ ዕድሜ ይስጠው። ለዚህ ሲል ማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ፖስተር አሰቅሏል። ሁለት ሳንባ ነው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ወር ሳይሞላው ከመፍጫው የሚወጣው ብናኝ አረፈበትና የማያጨሰውም ሳንባ ጠቆረ። አለቃ ነገሩ ከነከነው። ለፖስተሩ መስታወት አስገጠመለት።

ስልጠናም አይቀርም። አሰልጣኙ አንዴም ያልተጫረ ሄልሜቱን አድርጎ ይመጣል፣ ያውም የሌሊት ፈረቃ ሲወጣ ጠብቆ። "ሲያምራችሁ ወጣ በሉና ንጹሕ አየር ሳቡ" ይላል። ወጣ ማለት ለማን እንደሚፈቀድ አልነገሩትም። የማያጨስ ሰው አምስት ደቂቃ ቆሞ ከተገኘ ሰነፍ ነው። ሲጋራ ከያዘ ግን ፎርማኑ ራሱ "ተዉት፣ ሱሱ ነው" ይላል። አዲስ ገቢው ሞኝ አይደለም፤ በሳምንቱ ላይተር ይገዛል።

የሒሳብ ችሎታቸውስ ቢሆን! እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። በአስቤስቶስ፣ ብናኙ ሳንባ በሚጎዳው የማዕድን ቃጫ፣ የሚሠራ የማያጨስ ሰው በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ ከሁለቱም ነጻ ከሆነው ሰው 5 እጥፍ ገደማ ነው። አስቤስቶስ ያልነካ አጫሽ ደግሞ 11 እጥፍ ገደማ። ሁለቱ ሲገናኙ ከ50 እጥፍ በላይ ይሆናል። አለቃ ቁጥሩን አይቶ በፍትሕ አካፈለ። 11ዱ የሠራተኛው ጥፋት ነው። 5ቱ በሚቀጥለው በጀት ይታያል። የቀረውስ? እሱማ የፈጣሪ ሥራ ነው።

የሠራተኛ ማኅበሩን ማማከር ደግሞ አይታሰብም። ማኅበር ስለ ሲጋራ ብታነሳበት ዝርዝር ይዞ ይመጣላ! የጭስ መሳቢያ፣ ሱስ ለማስለቀቅ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ነጻ የኒኮቲን ፕላስተር፣ በሥራ ሰዓት የሚሰጥ ምክር፣ ለማያጨሰውም ዕረፍት። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን መሰል ነገር በፋብሪካዎች ሞክረዋል። እንደ "ሲጋራ አቁሙ" ያለ የጤና ምክር ብቻ በተሰጠበት፣ በሰዓት ከሚከፈላቸው አጫሾች 5.9 በመቶ አቆሙ። የሥራ ቦታው አደጋም አብሮ በተነካበት ግን 11.8 በመቶ። እጥፍ! እንዲህ ያለ አደገኛ ነገር ውስጥ ማን እጁን ያስገባል?

ማኅበርን ያልናቁት የትንባሆ ኩባንያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከሲጋራው ይልቅ የሕንፃው አየር ማስገቢያ ላይ እንነጋገር አሉ። የሚያናድደው ደግሞ ስለ አየሩ ያሉት ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

የእኛ ሊቀመንበርም አይታሙም። "ማጨስ የግል መብት ነው" ሲሉ ኖረው በመጨረሻ ጉዳዩን አጀንዳ አስያዙት። የገባው "ልዩ ልዩ" ከሚለው ሥር ነው። "ልዩ ልዩ" ላይ ሲደረስ ግን ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ። ግማሹ ተሰብሳቢ ሊያጨስ ወጥቷል፤ ሊቀመንበሩን ጨምሮ።