ዩማስክ አይቀንስም፣ ይከለክላል

ወንድሜ፣ «የአዲስ ፋይል ፈቃድ ማለት ከ666 ላይ ዩማስክ ሲቀነስ ነው» ብለሃል። ዩማስክ በሊኑክስ አዲስ ፋይል ሲፈጠር የትኞቹ ፈቃዶች እንዳይሰጡ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ሦስቱ አኃዞች በተራ የባለቤቱ፣ የግሩፑና የሌሎች ናቸው፣ በእያንዳንዱ 4 ማንበብ፣ 2 መጻፍ፣ 1 ማስኬድ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበር የማሰላው። ግን ልክ አይደለም። ያሳሳተን 022 ነው፤ ብትቀንስም ባትቀንስም 644 ይመጣል።

እስኪ 033 ሞክር። ትናንት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ለአንድ ተማሪ ላፕቶፑ ላይ አሳየሁት። በመቀነስ ከሄድክ 633 ነው። ለግሩፑ 3 ማለት እኮ ማንበብ ሳይችል መጻፍና ማስኬድ ይችላል ማለት ነው! በተች (ባዶ ፋይል በሚፈጥረው ትእዛዝ) ፋይል ፈጠርን፤ በኤልኤስ (ፋይሎችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ፣ ls -l) ስናየው rw-r--r--፣ ማለትም 644። ልጁ ስክሪኑን ሁለቴ አየው።

ዩማስክ የሚያጠፋው ቢት በቢት ነው፤ እያንዳንዱ ፈቃድ አንድ ቢት ነው። 3 ማለት መጻፍ (2) እና ማስኬድ (1) ተከልክለዋል ማለት ነው። ከ6 ላይ መጻፉ ይጠፋል፣ 4 ይቀራል። ማስኬድ ግን መጀመሪያም አልነበረም፤ ከሌለው ላይ ምን ይወሰዳል?

ለፎልደር መቀነሱም ያው ነው፣ 777 ላይ ሁሉም ቢት ስላለ።

ደግሞ 666 ራሱ የሲስተሙ ሕግ አይደለም፤ ፋይሉን የሚፈጥረው ፕሮግራም የሚጠይቀው ነው። ለምሳሌ ኤስኤስኤች-ኪጄን (የኤስኤስኤች መግቢያ ቁልፎችን የሚሠራው ፕሮግራም) የግል ቁልፉን በ600 ነው የሚፈጥረው። ዩማስክህን 000 ብታደርገውም ቁልፉ ያው 600 ነው።