«ኦሪጅናል ነው?»

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ወጥታለች፤ የወጣችው ግን ለይስሙላ ነው። ውሃ አሙቄያለሁ። መስታወቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌያለሁ። ግማሽ ፊቴን አረፋ አልብሼ ወደ ሌላው ግማሽ ልሻገር ስል፣ ከደብረ ሲና በእንግድነት የመጡት አጎቴ ከኋላዬ ደረሱና የመላጫ ብሩሼን ከእጄ ላይ ወሰዱት። አልጠየቁኝም። ወሰዱት። ፀጉሩን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። ጉንጫቸው ላይ አሸት አደረጉት። አሸተቱትም። ጉንጫቸው ላይ የቀረውን አረፋ በእጅጌያቸው እየጠረጉ ያቺን የምጠላትን ጥያቄ አመጧት።

«ኦሪጅናል ነው?»

«የለም ጋሼ፤ ሰው ሠራሽ ነው።»

«ፕላስቲክ በለኛ!» የሞተ አይጥ በጅራቷ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣታቸው መለሱልኝ። «ወይ አንተ ልጅ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ይህን ተረት ከሁሉም አብልጬ የምወደው እኔ ነኝ። ስንቱን ሰው አፉን አስይዤበታለሁ። እኔው ላይ ሲተረትብኝ ግን ወዲያው ስህተቱ ታየኝ። ይህ ተረት ጤፍ የሚያበቅል አገር ተረት ነው። እኛ ያለነው 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ የሚያምርበት ገብስ ነው፤ ስንዴና ባቄላ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ጤፍ ከተበደረ በእርግጥ ቸግሮት ነው። ተረቱ ከጣርማበር ቁልቁል ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን መባል ያለበት «ሳይቸግር ገብስ ብድር» ነው። ይህን ለአጎቴ ላስረዳ ሞከርኩ። ግማሽ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ ሰው ክርክር አይረታም።

ኦሪጅናል! ይቺ ቃል አናታችን ላይ ወጥታለች። ስልክ ስትገዛ፣ ጫማ ስትቀይር፣ ቀበቶ ስትታጠቅ «ኦሪጅናል ነው?» ነው። ቅቤና ማር ላይ ይጠየቅ፤ ቅቤው ሙዝ፣ ማሩ ስኳር ሆኖ ከተገኘ ወዲህ መብታችን ነው። ግን የጠያቂውንስ ማን ይጠይቅ? አጎቴን ልብ ብዬ አየኋቸው። ጃኬታቸው ፖሊስተር ነው። ጫማቸው ኮንጎ ነው። ሌሊቱን ለብሰውት ያደሩት ብርድ ልብስ፣ የእንጀራ ምጣድ የሚያክል ጽጌረዳ ያለበት፣ እሱም ፖሊስተር ነው። እናቴ ሣጥን ውስጥ የመንዝ ባና አለ። ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት፣ ወንዶች የሸመኑት የበግ ፀጉር። ማታ «ጋሼ፣ ባናውን ላውጣልዎ?» ብላቸው «ኧረ ይኮሰኩሰኛል!» ብለው ጽጌረዳውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ቆዳቸው ከበግ ፀጉር ሸሽቶ ፕላስቲክ ውስጥ አደረ። ጠዋት ተነስቶ ለእኔ ቆዳ ተቆርቋሪ ሆነ።

ለመሆኑ ኦሪጅናሉ የምን ፀጉር እንደሆነ ያውቃሉ? ከባጀር፣ ከፈረስ፣ ወይም ከአሳማ ነው። ባጀር ምድር እየቆፈረ የሚኖር የፈረንጅ አገር አውሬ ነው፤ ዋጋው አይቀመስም። ርካሹ የአሳማው ነው። እኔም መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነበር። እናቴ በሰማች ቀን ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

«አሳማ ፊትህን ልሶህ፣ በዚያው ፊትህ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም?»

ብሩሹ በዚያው ቀን ከቤት ወጣ። ይሄኛውን ሳመጣ ቀድማ መረመረችኝ። ናይለን ቢጤ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሱስ ይሁን፤ የጾም ነው» አለች።

ፈረንጅ ራሱ እኮ ጥርሱን በአሳማ ፀጉር ነበር የሚቦርሸው። በእነሱ አቆጣጠር በ1938 ናይለን ገበያ ሲወጣ መጀመሪያ የገባው ጥርስ ብሩሽ ውስጥ ነው። እኛ ያኔ በወይራ እየፋቅን ነበር። የፈረሱ ፀጉርም ጉድ አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች ከመላጫ ብሩሽ አባ ሰንጋ ይዟቸዋል። በደንብ ሳይጸዳ ከውጭ የገባ ፀጉር ነበር ጦሱ። አስቡት፤ ከጥይት ተርፎ በብሩሽ! እኛ አባ ሰንጋን የምናውቀው ከሞተ ከብት ሥጋ ጋር ነው። እነሱ ጢማቸውን እየተላጩ አገኙት። ይኸው ኦሪጅናል።

አጎቴ ግን ሁለተኛ ክስ ነበራቸው። «ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣ፤ በምኑ አረፋ ያወጣል?»

አለመጠጣቱ እውነት ነው። ጥቅሙም እሱ ነው። የአሳማው ፀጉር ሞቅ ባለ ውሃ ደቂቃዎች ተዘፍዝፎ ካልራሰ አይለሰልስም። ይሄኛው መዘፍዘፍ አያሻውም፤ አርጥቦ ማራገፍ ብቻ ነው። ካላራገፍከው በፀጉሩ መሃል የተቀመጠው ውሃ በክንድህ ወርዶ እጅጌህ ውስጥ ይገባል። በእኛ ብርድ ይህ ቀልድ አይደለም። ከዚያ ሳሙናው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ታሽከረክረዋለህ። ወደ ፊትህ ትወስደዋለህ። ጠብታ ውሃ ትጨምራለህ። ታሽከረክራለህ። ሌላ ጠብታ። ውሃውን አንዴ ከገለበጥክበት አለቀልህ፤ ያገኘኸው የልብስ እጥበት ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ትልልቁ አረፋ አየር ነው፤ እንዳትሸወድ። ትልልቁ ጠፍቶ እንደ እርጎ ወፈር ብሎ ሲያብረቀርቅ፣ ብሩሹን ስታነሳው ጫፉ ላይ ቀንድ ሲያበቅል፣ ያኔ ምላጭህን አንሳ።

አየር ስል ትዝ አለኝ። አንድ ድራፍት ቤት አለ፤ ስሙን አልጠራም። ጃምቦ አዘዝኩ። አራት ጣት አረፋ ይዞ መጣ። ለክቼ ነው የምናገረው። አስተናጋጁን ብጠራው «አረፋው እኮ ነው ጥራቱ» አለኝ። እና ጥራቱን ነው የምጠጣው? አረፋው እስኪወርድ ስጠብቅ አመሸሁ። ሲወርድ ብርጭቆው ግማሽ ነው፤ ሒሳቡ ግን ሙሉ። ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ ጓደኛዬ ነው። ክንዴን ይዞ «ተው እንጂ፣ አታዋርደን» ይለኛል። የተዋረድነው ቀድሞ እኮ ነው! ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ስጽፈው አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። ቢራ በሚጠመቅበት ከተማ ተቀምጠን አየር በብር እንገዛለን። ማንም ትንፍሽ አይልም። «ኦሪጅናል ነው?» የሚለው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል።

ምን ነበር የምለው? አዎ፣ ብሩሹ። ተከራክሬ ስጨርስ አረፋው ፊቴ ላይ ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል። ውሃውም ቀዝቅዟል። ድሮም እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከመጀመሪያውም ብዙ ሙቀት የለው። በቀዝቃዛ ውሃ እንደምንም ጨረስኩ። አገጬ ላይ ሁለት ቦታ ቆረጠኝ። አጎቴ ደሙን አይተው «አላልኩህም?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ብሩሹን አጥቤ፣ አራግፌ፣ አናቱን ቁልቁል ሰቀልኩት። በሰዓታት ውስጥ ነው የሚደርቀው፤ ይህም አንዱ በጎ ነገሩ ነው። ለካ ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከተሰቀለበት የለም። ጓዳ ስገባ እናቴ ወንፊቱ ላይ የተጣበቀውን ዱቄት እያራገፈችበት ነው።

«እንዴት ያለ ነገር ነው በማርያም! አንዲት አታስቀርም እኮ። አንተ ሌላ ትገዛለህ።»

አጎቴ ወንፊቱን ይዘውላት ቆመዋል።