ለካንዴላ ጉድጓዴ ነዋሪ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የሞተር ዘይት
ከ2ኛው እስከ 4ኛው የካንዴላ ጉድጓድ
ባሉበት፤ አዳማ

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ የያዙትን ጉድጓድ እንዲለቁ የተሰጠ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደ ወጉ ስለ ጤንነትዎ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት ከእኔ ኪስ ሁለት ጊዜ የተጨመረልዎን ግማሽ ግማሽ ሊትር ሳስበው፣ ከሁለታችን ሊጠየቅለት የሚገባው የእኔው ጤና ሆኖ ስላገኘሁት በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

እርስዎ በሚገባ እንደሚያውቁት የዚህች የ1996 ሞዴል ኮሮላ ሞተር ባለ 4 ሲሊንደርና ባለ 16 ቫልቭ ነው። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎችም እንደ ጥንቶቹ መኪኖች በሞተሩ ጎን ተሰክተው የሚታዩ ሳይሆኑ፣ ቫልቮቹን በሚከፍቱት በሁለቱ የካም ዘንጎች መካከል ቀጥ ብለው በወረዱ አራት ቱቦዎች ግርጌ የተቀመጡ ናቸው። ቱቦዎቹ የእርስዎን ግዛት አቋርጠው ያልፋሉ እንጂ የእርስዎ ግዛት አይደሉም። ለእርስዎ የተሰጠው ኃላፊነት ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን በታች በካም ዘንጎቹ ላይ እየፈሰሱ ማለስለስ፣ ሥራዎን ሲጨርሱም ያለ ምንም ማጉረምረም ወደ መጡበት ወደ ታች መመለስ ነው። በእርስዎና በካንዴላው መካከል ያለችው ወሰንተኛ ደግሞ በየቱቦው አናት ላይ ክዳኑን ተደግፋ የምትቀመጥ፣ ከእጅ አንጓ የምትጠብ አንዲት የጎማ ቀለበት ናት።

ይህቺ ዘበኛ አርጅታለች፤ አልክድም። ሠላሳ ዓመት ገደማ በ100 ዲግሪ አካባቢ በሚዋልል ትኩስ ዘይት ስትለበለብ የኖረች ጎማ ልስላሴዋን ታጣለች፣ ትደርቃለች፣ መጨረሻም ጥፍር ሲያርፍባት እንደ ገል ትሰበራለች። ጥፋቱን ወደ አዳማ ሙቀት ለማላከክ እንደሚሞክሩም ሰምቻለሁ። በእርግጥ ፀሐያችን በግንቦት ወር ሰውን ከነጥላው ታቀልጣለች፤ ነገር ግን በሞተሩ ውስጥ ያለውን እሳት የሚያነድደው ራሱ ሞተሩ ስለሆነ፣ ደብረ ብርሃን ቢወለዱም ኖሮ ያቺን ጎማ ያደርቋት ነበር። ነፋሳችንም ቢሆን አቧራውን አምጥቶ ክዳኑ ላይ ከወዙት ወዝ ጋር አቦካው እንጂ በሩን የከፈተልዎ እሱ አይደለም።

እናም እርስዎ የዘበኛዋን ድካም አይተው በሌሊት ገቡ። ከተሜው «ጨረቃ ቤት» ብሎ የሚጠራውን፣ ማታ ተጀምሮ ሲነጋ ጣሪያ ለብሶ የሚገኘውን ዓይነት ይዞታ በካንዴላዬ ጉድጓድ ውስጥ መሠረቱ። መጀመሪያ ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ እንባ የምታህል ጠብታ ነበሩ፤ ቀጥለው ሁለተኛውንና አራተኛውን ጨመሩ፤ አሁን የካንዴላው ነጭ ሸክላ እስኪሰጥም ድረስ ሞልተው ተንሰራፍተዋል። አንደኛውን ጉድጓድ ለምን እንደተውልኝ አይገባኝም። ምናልባት ለእንግዳ ማረፊያ ይሆናል።

በመከላከያዎ ላይ «እኔ ዘይት ስለሆንኩ ኤሌክትሪክ አላስተላልፍም፤ ታዲያ ምን በደልኩ?» እንደሚሉ ስለማውቅ መልሱን አስቀድሜ አቀርባለሁ። አዎን፣ እርስዎ በባሕርይዎ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ነገር ግን በካንዴላ ገመዱ ጫፍ ያለውን የጎማ ቆብ ቀን ከሌሊት ነክረው አሳበጡት፣ አለሰለሱት፣ በመጨረሻም ሰነጠቁት፤ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይዞ የሚመጣው ብልጭታም የካንዴላው ጫፍ ላይ ደርሶ ቤንዚኑን ማቃጠል ሲገባው፣ በስንጥቁ በኩል ሾልኮ የቱቦውን ብረት ነክቶ መቅረትን ለመደ። ያልተቃጠለው ቤንዚንም እንዲሁ አልቀረም፤ በጭስ ማውጫው በኩል እየወጣ እዚያ ያለውን የጭስ ማጣሪያ ለማበላሸት ተጨማሪ ሥራ ይዟል።

በመጋቢት ወር አንድ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ በክፍያ መንገዱ ስሄድ የሆነውን ላስታውስዎ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መንገድ ለወጪው በአመዛኙ ዳገት ነው። ዳገት ደግሞ የደካማን ካንዴላ ምስጢር ያወጣል፤ ሞተሩ ሲከብደው በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየርና ቤንዚን ስለሚበዛ ብልጭታው ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፣ ቮልቴጁም ከፍ ባለ ቁጥር በተሰነጠቀው ጎማ በኩል ማምለጥ ይቀልለዋል። ከተማ ውስጥ ሚኒሞ ላይ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ፣ ትንሽ ስትንቀጠቀጥ ብቻ የነበረችው ኮሮላዬ ሞጆን እንዳለፈች በሦስት እግሯ ማነከስ ጀመረች። ሽንኩርት እስከ አፉ የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ቀደመኝ፤ ረዳቱም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በሐዘኔታ ተመለከተኝ። መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ተሰድቤአለሁ፤ በሽንኩርት መኪና ረዳት ሲታዘንልኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን እንግልት ሙሉ በሙሉ በእርስዎ ላይ መጫን አልፈልግም፤ ተባባሪዎች ነበሩዎት። የመጀመሪያው ባለሙያ ካንዴላውን ቀየረልኝና ሸኘኝ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ያንኑ ካንዴላ ደግሞ ቀየረልኝ። የሚዋኝ ሰው ልብሱን እየለዋወጠ ለምን እንደሚበሰብስ የሚደነቅበት ጨዋታ መሆኑ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ሁለተኛው፣ «ጋሼ፣ ይህ ሞተር ፋሻ ጨርሷል፤ ይውረድና ይሠራ» ብሎ ፈረደ፤ ፋሻ የሚለው ፒስተኑን የሚከብቡትን ቀለበቶች ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ አልደብቅዎትም፤ ሞተር ማውረድ ማለት ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከቤት አንድ ክፍል እንደ መሸጥ ነው።

ያዳኑኝ ጎረቤቴ ናቸው። በወጣትነታቸው የአሰብን መንገድ በተሳቢ የተመላለሱት እኚህ አባት ካንዴላውን ከእጄ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ዘይቱ ያለው የት ነው? ላይ፣ ሸክላው ላይ ነው። ታች የሚቃጠልበት ጫፉ እኮ ደረቅና ቡናማ ነው። ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ያለቀ እንደሆነ ጫፉ ይረጥባል፣ ጥቀርሻም ይይዛል፣ ከኋላም ሰማያዊ ጭስ ታያለህ። ያንተስ ከላይ የሚያፈስስ ጣሪያ ነው፤ ቤቱን ልታፈርስ ነው እንዴ?» ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አንድ ሙሉ ሞተር ሊያስወርዱብኝ የነበሩት እርስዎ፣ የገቡበት ቀዳዳ በአራት የጎማ ቀለበቶችና በአንድ የክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የሚዘጋ መሆኑን ያወቅኩት በር ላይ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ በነጻ ነው።

ሦስተኛው ባለሙያ ግን አልተገረመም። ጓርኒሲዮን መግዛት ለምን እንደሚያስፈልግ አልታየውም፤ ሲሊኮኑን አውጥቶ በዳቦ ላይ ማር እንደሚቀባ ሰው የክዳኑን ዳር ዙሪያውን ለበጠው። እርስዎ የገቡበት የመካከሉ በር ግን እንደተከፈተ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ከጠርዙ የተረፈ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተቆርሶ ሲወድቅ የዘይት ፓምፑ በሚስብበት ወንፊት ላይ ተለጥፎ ሞተሩን ሊያስርበው ይችላል፤ እርስዎ በማይገባዎት ቦታ ሞልተው ተርፈው ሳለ በሚገባዎት ቦታ ይጠፋሉ ማለት ነው። ሲሊኮን የሚገባው የፊተኛው የካም ዘንግ መያዣ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝባቸው ማዕዘኖች ላይ፣ ያውም እንደ ምስር ፍሬ በጥቂቱ መሆኑን ጎረቤቴ ነግረውኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ በግቢዬ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር የማስለቀቅ ሥራው እንደሚጀመር በዚህ ደብዳቤ አሳውቅዎታለሁ። ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 እንዳይዛባ ገመዶቹ አንድ በአንድ ምልክት ተደርጎባቸው ይነቀላሉ። ካንዴላ ከመፈታቱ በፊት እርስዎ ቀጭን ቱቦ በተገጠመለት ሲሪንጅ ተስበው ይወጣሉ፤ የቀረው ወዝዎም በጨርቅ ይደርቃል። ይህን የማደርገው ለክብርዎ ተጨንቄ አይደለም። ካንዴላው እርስዎ ሳሉ ቢፈታ ወደ ሲሊንደሩ ዘልቀው ይወርዳሉ፤ በማግሥቱም ሞተሩ ሲነሣ ሰፈሩን በሙሉ በጭስ አጥነው «አባረረኝ» ብለው ይከስሱኛል።

ከዚያ ክዳኑ ይነሣል፤ የደረቁት ቀለበቶች ወጥተው አዲሶቹ ይገባሉ፤ የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቅሪትና ያ የማር እንጀራ የመሰለ ሲሊኮን አሉሚኒየሙን በማይጭር ነገር ይፋቃል። ያበጡት የገመድ ቆቦችም አብረው ይሰናበታሉ፤ እነሱን ትቶ በሩን ብቻ መዝጋት ማነከሱን አያስቀርም። ክዳኑ ሲመለስ ማጥበቂያዎቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር፣ ከ10 ኒውተን ሜትር ባነሰ ኃይል ይጠብቃሉ። በዚህ አገር ብሎን የሚጠብቀው ጥርስ እስኪነከስ ድረስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ክዳን የሚጣመመውና አዲስ ጎማ በተገጠመ ማግሥት የሚያፈስሰውም በዚሁ ጉልበት ነው። ካንዴላዎቹም ቢሆኑ 18 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አይሠውርዎ። ከክዳኑ ላይ የሚነሣው የጋዝ መተንፈሻ ቫልቭም ይመረመራል፤ እሱ ሲዘጋ በሞተሩ ውስጥ የሚታፈነው ግፊት እርስዎን ከኋላ እየገፋ በየስንጥቁ እንደሚያስወጣዎ ተደርሶበታል። «ተገፍቼ ነው» የሚለው አቤቱታዎ በዚህ በኩል ብቻ ተቀባይነት አለው፤ ቫልቩም በእርስዎ ስም ይጸዳል። የቱቦዎቹ ግርጌ ከቴስታታው ጋር በተገናኘበት በኩልም የሚገቡ ሆኖ ከተገኘ የላዩን ቀለበት መቀየር ስለማይበቃ፣ ቱቦዎቹ ራሳቸው ተነቅለው እንደገና እንደሚታሸጉ ከወዲሁ ይወቁት።

ከሰላምታ ጋር
የኮሮላዋ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለአንደኛው ጉድጓድ፤ እስካሁን ላሳየው ትዕግሥት
ለጎረቤቴ፤ ሲሪንጁን እንዳይረሱብኝ
ብልጭታውን ለየካንዴላው ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢዩተሩ ሥር ሰሞኑን ለታየችው ጠብታ፤ የእርስዎ ዘመድ መሆኗ ስለተረጋገጠ እንድታውቀው