ማክሮ በሠንጠረዥ ብቻ አይገባም

አራት ኪሎ አካባቢ ካሉ ፎቶኮፒ ቤቶች የአሴምብሊ (ለማሽን ቋንቋ በጣም የቀረበ የፕሮግራም ቋንቋ) ሀንዳውት ገዝታችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ ያየኋቸው ላይ ማክሮ (ለኮድ መስመሮች የሚሰጥ አንድ ስም) የሚለው ክፍል አጭር ነው። ማክሮና ፕሮሲጀር የሚነጻጸሩበት ሠንጠረዥ፣ ሁለት ምሳሌ፣ አለቀ። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ ይደፋዋል፣ ይረሳዋል። አሁን ደግሞ «ኮዱን ኤአይ ይጽፈው የለ? ኮርሱ ለምን አይቀርም?» የሚል ክርክር መጥቷል።

ኮርሱ ይቅር አልልም። ሠንጠረዡ ይቅርና አንድ የላብ ሰዓት ማክሮ ውስጥ ለሚጻፍ ማክሮ ይሰጥ ነው የምለው።

ፕሮሲጀር ፕሮግራሙ ራን ሲደረግ ይጠራል፤ ማክሮ ግን እንዲህ አይደለም። አሴምብለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ሲተረጉም በስሙ ቦታ ጽሑፉን ይዘረጋዋል። ይህን ማንም ተማሪ በቃሉ ይላችኋል። መግባት አለመግባቱ የሚለየው ግን ማክሮ ውስጥ ሌላ ማክሮ ስታስቀምጡለት ነው። የውጪው እስኪጠራ ድረስ የውስጡ የለም። እናንተ ፋይሉ ላይ እያያችሁት አሴምብለሩ አያውቀውም። ቀድማችሁ ብትጠሩት ስህተት ይላችኋል።

ምን ይጠቅማል? 8086 በሚባለው የቆየ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ አንድ ፊደል ስክሪን ላይ ማውጣት እንውሰድ። በዶስ (የቆየ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ከሆነ ኢንተራፕት (የአገልግሎት ጥሪ) 21 ነው፤ ፊደሉ ዲኤል በሚባለው ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ) ውስጥ ይገባል። በባዮስ (ማሽኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣ መሠረታዊ ፕሮግራም) ከሆነ ኢንተራፕት 10 ነው፤ ፊደሉ ኤኤል በሚባለው ሬጅስተር ውስጥ ይገባል። (ቁጥሮቹ በሄክሳ፣ ማለትም በ16 መሠረት፣ ናቸው።) «ለዶስ» እና «ለባዮስ» የሚባሉ ሁለት ማክሮዎች ትጽፋላችሁ። በሁለቱም ሆድ ውስጥ «አትም» የሚባል ማክሮ አለ። ከላይ አንዱን ብቻ ትጠራላችሁ። ከዚያ በታች ያለው ኮድ «አትም» እያለ ይቀጥላል፤ በየትኛው መንገድ እንደሚታተም አያስጨንቀውም።

አሴምብለሩ የውጪው የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው ቆጥሮ ነው። «ማክሮ» ሲያገኝ አንድ ይጨምራል፣ የማክሮ ማብቂያ የሆነውን «ኢንድኤም» ሲያገኝ አንድ ይቀንሳል። ባይቆጥር ኖሮ የውስጡ ኢንድኤም የውጪውን መሃል ላይ ይቆርጠው ነበር። በመጀመሪያው ዙር ማክሮዎቹን ሁሉ ሰብስቦ በሁለተኛው የሚዘረጋ ማክሮ ፕሮሰሰር (ማክሮ ዘርጊ ፕሮግራም) ደግሞ ይህን ጭራሽ አይችልም። የውስጡ የሚገኘው ሲዘረጋ ነዋ! ሐሳቡም የቆየ ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳግላስ ማኪልሮይ በ1960 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል።

አደጋም አለው። ግኑ በሚባለው ነጻ አሴምብለር የውጪውና የውስጡ ፓራሜትር (ማክሮው ሲጠራ በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ስም) አንድ ስም ከያዙ የውጪው ቀድሞ ይተካል፣ የውስጡ ከንቱ ይቀራል። ሦስት ደረጃ ድረስ የሚያጠልቅ ሰው ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ለባልደረባው አያዝንም።

ኤአይ የጻፈውም ኮድ ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የተሳሳተው መስመር እናንተ ፋይል ላይ የሌለ፣ ማክሮው ሲዘረጋ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላብ ውስጥ ተማሪው መጀመሪያ «አትም»ን ሳያዘጋጅ ይጥራውና ስህተቱን ይይ። ከዚያ «ለዶስ»ን ጠርቶ ሊስቲንግ ፋይሉን (አሴምብለሩ የተረጎመውን በዝርዝር የሚያወጣበትን) ይክፈት፣ የተዘረጋውን መስመር በመስመር ያንብብ። ፈተናውም ከሊስቲንጉ ይውጣ።