ረዳቱ ሲጮህ ዋናው የሚጠየቅበት ሜዳ

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቤዝቦል ውድድር አንድ ቡድን ከዋናው አሰልጣኝ ሌላ ሁለትና ሦስት ረዳቶች ይኖሩታል፤ ዳኞች ስለ ውሳኔያቸው የሚያነጋግሩት ግን ዋናውን ብቻ ነው። ሯጩ ቤዝ ወደሚባለው ማረፊያ ኳሱን ቀድሞ ደርሷል ወይስ አልደረሰም በሚል ዳኛው በዓይኑ አይቶ በፈረደው ነገር ላይ ረዳቱ ቦታውን ለቆ ሊከራከር ከወጣ፣ ሕጉ እሱን ብቻ ቀጥቶ አይተወውም፤ ዋናው አሰልጣኝም አብሮት እስከ ጨዋታው ፍጻሜ በቡድኑ መቀመጫ ተወስኖ እንዲቆይ ይደረጋል። ጥፋቱ ከከፋ ደግሞ ዳኛው ከሜዳ እስከ ማስወጣት ይደርሳል።

በምኖርበት በቨርጂኒያ ይህ ሲፈጸም አይቻለሁ። በአንደኛው ቤዝ አጠገብ የቆመው ረዳት በአንድ ውሳኔ ተቆጥቶ፣ እጆቹን እያወናጨፈ ወደ ዳኛው ገሰገሰ። ዳኛው መልስ አልሰጠውም፤ መዳፉን ዘርግቶ አስቆመውና በሦስተኛው ቤዝ በኩል ቆሞ ለተጫዋቾቹ ምልክት ይሰጥ ወደነበረው ዋና አሰልጣኝ ሄዶ፣ ድምፁን ሳያሰማ ጥቂት ቃል ነገረው። ሰውየው ቃል ሳይተነፍስ ረዳቱን ይዞ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ከመቀመጫቸው አልተነሡም፣ ቡድኑም ምልክት ሰጪውን አጥቶ ጨዋታውን ጨረሰ። የገረመኝ የቅጣቱ ክብደት አይደለም፤ ዳኛው አንድም ጊዜ ከረዳቱ ጋር እሰጥ አገባ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ረዳቱን የሚገታው አለቃው ነው፤ ይህን የሚያውቅ አለቃ ደግሞ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ረዳቶቹን ያስጠነቅቃል።

አሜሪካውያን ከዳኛ ጋር አይጣሉም ማለቴ አይደለም። በአገሪቱ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ የአትላንታ ብሬቭስ ቡድን አሰልጣኝ የነበሩት ቦቢ ኮክስ በመደበኛ ውድድር ብቻ 158 ጊዜ ከሜዳ ተባርረዋል፤ በዚህም ክብረ ወሰኑ የእርሳቸው ነው። ነገር ግን በዚያ ሊግም ቢሆን በዳኛው የዓይን ፍርድ ላይ መከራከር በሕግ የተከለከለ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ብዙዎቹ ውሳኔዎች በምስል እንዲታዩ ሲፈቀድም አቤቱታውን የማቅረብ መብት ለዋናው አሰልጣኝ እንጂ ለረዳቶቹ አልተሰጠም።

ወደ ጎጃም ስመለስ የማየው ሌላ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በሁለት ከተሞች ቡድኖች መካከል በተደረገ የእግር ኳስ ግጥሚያ፣ የመስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጭ ነው ብሎ ባንዲራውን ባነሣበት ቅጽበት ረዳት አሰልጣኙ፣ የበረኞች አሰልጣኙ፣ ተቀያሪዎቹና ውኃ አቀባዩ ሳይቀሩ ከተቀያሪ ወንበር ተነሥተው ከበቡት። ዕድሜው ከሃያዎቹ መጀመሪያ የማያልፍ ወጣት ነበር፤ አንዱ ፊቱ ላይ ጣቱን ይቀስራል፣ ሌላው ባንዲራውን ሊነጥቀው ይታገላል። ዋናው አሰልጣኝ ግን እጁን አጣምሮ ተቀምጦ ይመለከት ነበር፤ በሠራተኞቹ ድርጊት የሚጠይቀው አልነበረምና። የመሐል ዳኛው ከአምስትና ከስድስት ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ሲመላለስ ጨዋታው ቆሞ ቀረ፣ ተመልካቹም ወደ መስመሩ ተጠጋ። እንዲህ ያለውን ቀን ያሳለፈ ወጣት በሚቀጥለው ሳምንት ፊሽካ ለመያዝ እንዴት ይደፍራል?

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሥርዓቱን በሚያውቅ ሕዝብ መካከል መሆኑ ያሳዝነኛል። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚለው አነጋገር በአባቶቻችን ዘንድ የዕለት ተዕለት ቃል ነበር። በጎጃም ገጠር ለእርቅ በተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት የባለጉዳዩ የወንድም ልጅ በመሐል ገብቶ ቢናገር፣ ሽማግሌዎቹ ከልጁ ጋር አይመላለሱም፤ ወደ ወገኑ ታላቅ ዞረው «ልጅህን ያዝ» ይሉታል፣ ታላቁም አፍሮ ልጁን ያስቀምጠዋል። የቨርጂኒያው ዳኛ ያደረገው ከዚህ አልተለየም። በዛፍ ጥላ ሥር የምናከብረውን ሥርዓት ሜዳ ስንገባ የምንጥልበት በቂ ምክንያት አላገኘሁለትም።

የእግር ኳሱ ሕግም ቢሆን ለዳኛው በቂ ሥልጣን ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዳኛው ለአሰልጣኞችና ለሌሎች የቡድን ኃላፊዎች ቢጫና ቀይ ካርድ ማሳየት ይችላል፤ ከእነርሱ መካከል ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ካርዱን የሚቀበለው በስፍራው ያለው ከፍተኛው አሰልጣኝ ነው። ከቤዝቦሉ የሚለየው ጥፋተኛው ሲታወቅ ዋናውን አብሮ አለመቅጣቱ ብቻ ነው፤ ይህንንም የዞንና የወረዳ ውድድር አዘጋጆች በራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ሊሞሉት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በሞጣ ከግጥሚያው በፊት በሚደረገው ስብሰባ ኮሚሽነሩ ሁለቱን ዋና አሰልጣኞች አስቀምጦ፣ ከወንበራቸው ተነሥቶ ወደ ዳኛ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ተጠያቂዎቹ እነርሱ መሆናቸውን ይንገራቸው፣ ያስፈርማቸውም፤ የመጀመሪያው ጥሰት ሲፈጸም ደግሞ ዳኛው ከረዳቱ ጋር ሳይነጋገር በቀጥታ ወደ ፈረመው ሰው ይሂድ።