«እኛ ጥቁር አይደለንም» ለምትሉ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ በተለይ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ ቤት ገዝታችሁ የተደላደላችሁ፣ ቅር ብትሰኙም እናገራለሁ። ለቅሶ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ክርስትና ላይ ጠላ እየጠጣችሁ «እኛ ሐበሻ ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» ትላላችሁ። ጥቁር አሜሪካዊውን ጎረቤታችሁን በአማርኛ ታሙታላችሁ፤ ወደ እናንተ ዞር ሲል ፈገግ ትሉለታላችሁ። እርሱ አማርኛ አይሰማም፤ ልጆቻችሁ ግን ይሰማሉ። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም፤ «ከእነርሱ ጋር አትዋል» ብዬ ልጄን የተቆጣሁበትን ቀን አልረሳሁትም።

ዊሊያም ክሮስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ነገር በራሱ ወገን ላይ መርምሮታል። በ1971 (አቆጣጠሩ ሁሉ የፈረንጅ ነው) ባወጣው ጽሑፍ ሰው ወደ ጥቁርነቱ የሚመጣበትን መንገድ በየደረጃው አስቀመጠ። መነሻው ላይ ያለው ሰው ጥቁርነቱ ቁም ነገር አይመስለውም፤ አንዳንዱም በነጭ ዓይን እያየ ወገኑን ይንቃል። ከዚያ አንድ ቀን ዱብ ዕዳ ይወርድበታል። ለብዙዎች ያ ቀን ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለበት ነበር። የደነገጠው ሰው ጥቁር የሆነውን ሁሉ ያመልካል፣ ነጭ የሆነውን ሁሉ ይጠላል፣ ሌላውንም «አንተማ ምኑን ጥቁር ሆንከው» ይላል። ውሎ አድሮ ይሰክናል፤ ለወገኑም ይሠራል።

ክሮስን ይበልጥ የማከብረው የራሱን ቃል ስላረመ ነው። በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥቁር ሕፃናት ከጥቁሯ ይልቅ ነጯን አሻንጉሊት መረጡ፣ ስለዚህም ራሳቸውን ይጠላሉ ከተባለበት ዘመን ጀምሮ የተከማቸውን ጥናት መልሶ በረበረ። ራስን መውደድ አንድ ነገር፣ ከወገን ጋር መቆም ሌላ ነገር ነው አለ፤ ነጯን የመረጠ ልጅ የግድ ራሱን ይጠላል ማለት አይደለም። ስለዚህ ራሳችሁን ትጠላላችሁ አልላችሁም። ዓድዋን በየድግሱ የሚያነሳ ሰው ራሱን የሚጠላው ከየት መጥቶ! የጎደላችሁ ሁለተኛው፣ ከወገን ጋር መቆሙ ነው።

ይህ ኩራት ደግሞ ጋሻ አይሆንም። በ1988 በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ ዘረኞች ኢትዮጵያዊውን ሙሉጌታ ሥራውን በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ሲገድሉት ሐበሻነቱ አላስጣለውም። ልጆቻችሁም ዱብ ዕዳው ሲደርስባቸው፣ ከእናንተ የሰሙት ሐሜት ብቻ ከሆነ ምን ይዘው ይቆማሉ?

ስለ ቤታችሁም ላንሳ። በሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ መንደሮች የቤት ውል ላይ «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል ቃል ይጻፍ ነበር። በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የከለከለው ሕግ የተፈረመው በ1968፣ ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው። ለዚያ ሕግ የተሰለፉት፣ የታሰሩት፣ የተደበደቡት እነማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ፤ ወይም ማወቅ አልፈለጋችሁም።

እንግዲህ ያን የምታሙትን ጎረቤት ቅዳሜ ለቡና ጥሩት። አባቱ በ1968 የት እንደነበሩ ጠይቁት፤ ልጃችሁም አጠገባችሁ ተቀምጦ ይስማ።